ሩብ ሰዓት ቡና፣ ሁለት ሰዓት ብሩሽ፦ ዩኒቨርሲቲዎች የምሥራቅ እስያን ጥበብ ለሕዝብ እንዴት እንደሚያካፍሉ እንወያይ

የሩት እናት (ሲያትል)

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነውና ታገሱኝ።

ያለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ እዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ነበር። የቻይና የብሩሽ ጽሕፈት ለሰፈሩ ቤተሰቦች በነጻ ያስተምራሉ ተብሎ ነው። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ብዙም አልጠበቅሁም። ስማችንን በቻይንኛ ጽፈው ይሰጡናል፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ብስኩት በልተን እንመለሳለን ብዬ ነው የሄድኩት።

እንደዚያ አልሆነም። ያስተማሩን በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ሃያ ሰው ሆነን ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን ብሩሽ፣ ወረቀት፣ ቀለምና ድንጋይ ተቀምጧል። ቻይናዎች እነዚህን የጥናት ክፍል አራቱ ሀብቶች ይሏቸዋል። ቀለሙ ደረቅ ነው፤ እንደ ጣት የረዘመ ጥቁር ድፍን። ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ አድርገን ያንን ድፍን ማሸት ጀመርን። ቀስ እያልን፣ እያዞርን። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ብሩሽ የነካ ሰው የለም። ልጄ በጆሮዬ «እማዬ፣ መቼ ነው የምንጽፈው?» አለችኝ። ሴትዮዋ ሰሟት። አጠገቧ መጥተው «ጀምረሻል እኮ፤ እጅሽ እየሰከነ ነው» አሏት።

ከዚያ አንድ ፊደል ብቻ ተማርን። ትርጉሙ «ዘላለም» ነው። በውስጡ ስምንት ዓይነት የብሩሽ አጣጣል አለው። እነዚያን ስምንቱን የለመደ እጅ ሌላውንም ይጽፋል ስለሚባል ከድሮ ጀምሮ መለማመጃ ነው። ሁለት ሰዓት፣ አንድ ፊደል። ልጄ ስልኳን አንዴም አላወጣችም። ቤት ስንደርስ ወረቀቷን አልጋዋ አጠገብ ለጠፈችው። እስካሁን እዚያው ነው።

እኔ ግን መኪና ውስጥ ሌላ ነገር አስቤ ሆዴ ባባ። አምና ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት የባህል ምሽት ነበር። ለእኛ ኮሪደር ላይ አንድ ጠረጴዛና ሩብ ሰዓት ሰጡን። ዕጣን አይቻልም፣ ቡና መቁላት አይቻልም ተባልን። ቡናውን ከቤት በፔርሙዝ ይዘን ሄድን። ሰዉ ፈንዲሻ ዘገነ፣ ጀበናውን ፎቶ አነሳ፣ አለፈ። ልጄ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ቆማ ነበር። ማታ «እማዬ፣ ለምንድነው ማንም ያልተቀመጠው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን ደግሞ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በሚቀጥለው ጸደይ ባህላችሁን አቅርቡልን ብለው ማኅበራችንን ጠይቀዋል። ከመልሳችን በፊት ማወቅ የምፈልገው ይህ ነው። ጃፓኖቹ፣ ቻይናዎቹ፣ ኮሪያዎቹ ይህንን ሥራ በዩኒቨርሲቲ በኩል ለብዙ ዓመት ሠርተውታል። እንዴት ነው የሚያደርጉት? ውስጡን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

መምህሩ (ሬይነር ቢች)

የሩት እናት፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው።

ጉዳዩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ሶቪየቶች ስፑትኒክ የምትባለውን ሳተላይት ወደ ሕዋ ላኩ። አሜሪካ ደነገጠች። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1958፣ የትምህርት ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች የሌላ አገር ቋንቋና ባህል እንዲያስተምሩ የመንግሥት ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ። የምሥራቅ እስያ ጥናት ማዕከላት በብዛት የጠነከሩት በዚህ ነው። በ1970ዎቹ ደግሞ ገንዘቡን የሚወስድ ማዕከል እውቀቱን ከግቢው ውጭ ላለው ሕዝብ ማካፈል አለበት የሚል ግዴታ ተጨመረ። እኛ አገር «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የምንለው ማለት ነው። ስለዚህ አንቺን የጋበዙሽ ሰዎች ደጎች ቢሆኑም፣ ከኋላቸው በጀትና ኃላፊነት ሊኖር ይችላል። ይህንን አውቀሽ ተደራደሪ።

ሁለተኛው ነገር፣ ትልቁ ሥራ የሚሠራው በዓል ላይ አይደለም፤ አስተማሪዎች ላይ ነው። ከ1998 ጀምሮ በፍሪማን ፋውንዴሽን ድጋፍ ስለ እስያ ለሚያስተምሩ መምህራን በመላ አገሪቱ ሴሚናር ይሰጣል። እዚህ ሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ እስያ መርጃ ማዕከል ነው የሚያዘጋጀው። እኔም ገብቼ ተምሬያለሁ። ከሥራ በኋላ ደክሞኝ እየሄድኩ ስለ ኮሪያ ሸክላ፣ ስለ ጃፓን የእንጨት ኅትመት፣ ስለ ቻይና የመልክዓ ምድር ሥዕል ተማርኩ። ሥዕሉን እንዴት እንደሚያነቡት ካሳዩን በኋላ ነው ዓይኔ የተከፈተው። ተራራው ትልቅ፣ ሰውየው ጉንዳን የሚያክል። ለምን? ይህን ጥያቄ ይዤ ክፍል ገባሁ። በዓመት ከመቶ በላይ ልጆች አስተምራለሁ። አንዱ ሴሚናር ስንት ቤት እንደገባ አስቢው።

ሦስተኛው ቅርብ ነው። እዚሁ ሰፈራችን ኩቦታ የሚባለው የአትክልት ቦታ አለ። ሐበሻ ለሠርግ ፎቶ የሚሄድበት። የሠራው ፉጂታሮ ኩቦታ የሚባል ጃፓናዊ ስደተኛ ነው፤ በ1927 ነው የጀመረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እሱንና ቤተሰቡን ከሌሎች ጃፓናውያን ጋር ወደ አይዳሆ ማጎሪያ ወሰዷቸው። ቦታው ለዓመታት ዳዋ ዋጠው። ተመልሶ እንደገና አለማው። በ1987 ከተማዋ ገዛችው፤ መግቢያው ነጻ ነው። ተማሪዎቼን በየዓመቱ እወስዳለሁ። መጀመሪያ ድልድዩን ያዩታል። ከዚያ ታሪኩን እነግራቸዋለሁ። እንደገና ድልድዩን ሲያዩት ፊታቸው ይለወጣል። ውበቱ ብቻውን ቢነገራቸው ኖሮ ግማሹን ነበር የሚያጡት።

---

ብራና ፋቂ (አትላንታ)

እህቴ፣ ያስተማሩሽ እናት ትክክል ናቸው።

እኔ ቁም ጽሕፈት የተማርኩት ጎጃም አጎቴ ዘንድ ነው። ቀለም የምንሠራው ከጥላሸት ነው። ከምጣድና ከመብራት ጥላሸት እንለቅማለን። የተቃጠለ እህል ይፈጫል፤ ሙጫ ይገባበታል። ከዚያ ለወራት ይቀመጣል። እየተማሰ፣ እየተጠበቀ። አጎቴ ቀለም ሳልበጠብጥ ብዕር አላስያዘኝም።

የቻይናም ቀለም መነሻው ጥላሸት ነው። የጥድ እንጨት ወይም ዘይት አቃጥለው ጥላሸቱን ይሰበስባሉ። ከእንስሳ ሙጫ ጋር ለውሰው፣ ቀጥቅጠው፣ በቅርጽ ያደርቁታል። ልጅሽ ያሸችው ያንን ነው። እኛ ፈሳሹን እናቆያለን፣ እነሱ ደረቁን ያቆያሉ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። የእኛ መቃ ብዕር አፉ የተቆረጠ ነው። ስፋቱ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ የእኛ ፊደል ውበቱ በቅርጹ ነው፤ በቁመናው፣ በአንገቱ። የእነሱ ብሩሽ ግን ለስላሳ ጸጉር ነው። ስትጫኚው ይወፍራል፣ ስታነሺው ይቀጥናል። የእጅሽን ፍጥነትና ትንፋሽሽን ወረቀቱ ላይ ይተዋል። ቀዩ ቀለምም ሁለታችንም ጋ አለ። እኛ ቅዱሳን ስሞችን በቀይ እንጽፋለን። እነሱ ደግሞ የጸሐፊውን ማኅተም በቀይ ያትማሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቻይና ጽሕፈት መምህርና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን ለተማሪዎች አሳየን። ቋንቋ አልተግባባንም። እሱ ብዕሬን አንስቶ አፉን በጣቱ ዳሰሰ። እኔ ብሩሹን ዳሰስኩ። ከዚያ ተቀያየርን። ተማሪዎቹ ከሁሉም የወደዱት ያንን ነው።

---

ኮሌጅ ፓርክ (ሜሪላንድ)

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ ግን የሚያሳስበኝን ልናገር።

ባህል በዩኒቨርሲቲ በኩል ሲመጣ ገንዘቡን ማን ነው የሚከፍለው? እዚህ እኛ ጋ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2004 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የኮንፊሽየስ ተቋም ከፈተ። ከቻይና መንግሥት ድጋፍ ነበረው። ቋንቋ፣ ጽሕፈት፣ ታይቺ፣ የአዲስ ዓመት በዓል። በ2020 ተዘጋ። በ2018 የወጣ ሕግ ተቋሙን የሚያስተናግድ ዩኒቨርሲቲ ከመከላከያ ሚኒስቴር የቻይንኛ ማስተማሪያ ገንዘብ እንዳያገኝ ከለከለ። በ2019 በመላ አሜሪካ መቶ ገደማ የነበሩት በአራት ዓመት ውስጥ ከአምስት በታች ሆኑ።

ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለጊዜው እንተወው። እኔን የሚያሳዝነኝ ልጆቹ ናቸው። ብሩሽ መያዝ የጀመረ ልጅ በሁለት መንግሥታት ጠብ ብሩሹን ያስቀምጣል። መንግሥት የሚከፍለው ባህል መንግሥት የማይወደውን አያሳይም ብለው የሚሰጉ ምሁራንም ነበሩ። ስጋታቸው ይገባኛል። የሩት እናት፣ ማኅበራችሁ የማን ገንዘብ እንደሆነ ሳይጠይቅ እሺ እንዳይል።

---

የሩት እናት

ኮሌጅ ፓርክ፣ አመሰግናለሁ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ለስብሰባችን ጽፌ ይዤዋለሁ።

መምህሩ፣ እኔ ኩቦታ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ! ታሪኩን አላውቅም ነበር። ብራና ፋቂ፣ ስለ ቀለሙ የጻፉትን ለልጄ አነበብኩላት። «እኛም ጥላሸት አለን?» ብላ ጮኸች።

---

የቹንቾን መንገደኛ (ሶል)

እኔ ሶል ለትምህርት የመጣሁ ነኝ። እዚህ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ሰዎችና ለሰፈሩ ሕዝብ ፓንሶሪ ያስተምራሉ። ፓንሶሪ አንድ ዘፋኝና አንድ ከበሮ መቺ ብቻ የሚያቀርቡት ረጅም ትረካ ነው። ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ይተርካል፣ በማራገቢያው እየጠቆመ ሁሉንም ገጸ ባሕርይ ራሱ ይሆናል። አንዳንዱ ትረካ ሙሉውን ከቀረበ እስከ ስምንት ሰዓት ይወስዳል። ዩኔስኮ በ2003 መዝግቦታል።

የመጀመሪያ ቀን መምህራችን ዘፈን አላስተማሩንም። ያስተማሩን አድማጭነት ነው። ፓንሶሪ አድማጩ ዝም ካለ አይሄድም። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ሲጨርስ ከበሮ መቺውና ሕዝቡ «ኧልሲጉ!» «ቾታ!» ይላሉ። እንደ «እሰይ!» «ጎሽ!» ማለት ነው። ቹይምሴ ይባላል። የት ላይ መግባት እንዳለብን አንድ ሳምንት ተለማመድን። በስህተት ቦታ ከገባን ዘፋኟ ትንፋሿ ይቋረጥ ነበር።

ያን ጊዜ የታወሰኝ የአዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪው «ተቀበል!» ሲል፣ ግጥም ከአድማጩ ወጥቶ በማሲንቆ ሲመለስ። መምህሬን በስልኬ አሳየኋቸው። ደጋግመው አዩት። ከዚያ ለክፍሉ «የኢትዮጵያ ፓንሶሪ ይኸውላችሁ፤ እዚህ ደግሞ አድማጩ ግጥም ይሰጣል» አሉ። ቀጣዩን ሳምንት እኔ እንዳስረዳ ጠየቁኝ።

የሩት እናት፣ ከዚህ የምትወስጂው ካለ ይህ ነው። እንግዶቹን መጀመሪያ እንዴት እንግዳ መሆን እንዳለባቸው አስተምሪያቸው። ልጅሽ «ለምን ማንም አልተቀመጠም» ያለችው እውነት ነው። መቀመጥ እንዳለባቸው የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ስሜን ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለምትጠይቁ፣ ቹንቾን የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን መታሰቢያ ያለበት ከተማ ናት። ከ6,000 በላይ ሆነው ነበር ከ1951 ጀምሮ በየተራ ወደ ኮሪያ የዘመቱት። ጃንሆይ በመጡበት ዓመት፣ በ1968፣ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት እዚያ ተከፈተ። እስካሁን አለ። በተቻለኝ መጠን በየጊዜው እሄዳለሁ።

---

ከበሮ (ሎስ አንጀለስ)

ሰዎች «ጥንታዊ ጥበብ» ሲሉ እሰማለሁ። ሁሉም ጥንታዊ አይደለም። ይህንን ማወቅ ነጻ ያወጣል።

መድረክ ላይ የምታዩት የጃፓን ታይኮ፣ ብዙ ከበሮ በአንድነት የሚመታበት፣ የ1951 ፈጠራ ነው። ዳይሃቺ ኦጉቺ የሚባል የጃዝ ከበሮ መቺ ነው የጀመረው። ከበሮው ራሱ የቆየ ነው፤ ከቤተ መቅደስና ከበዓል የመጣ። ቡድኑ ግን አዲስ ነው። በ1968 ሴይቺ ታናካ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ቡድን አቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት እዚህ ሎስ አንጀለስ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ወጣቶች ኪናራ የሚባል ቡድን ጀመሩ። ከበሮ ከጃፓን ማስመጣት ውድ ነበር። ምን አደረጉ? የወይን ጠጅ በርሜል ወሰዱ፣ ቆዳ ወጠሩበት። አሁን በአሜሪካ ብዙ ቡድን በዚያ መንገድ በተሠራ ከበሮ ነው የሚመታው።

በ1990 ዩሲኤልኤ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኪዮዶ ታይኮ ተመሠረተ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ቡድን። ተማሪዎቹ ናቸው ያቋቋሙት። አያቶቻቸው በጦርነቱ ጊዜ በማጎሪያ ዝም እንዲሉ የተደረጉ ልጆች፣ በትልቅ ከበሮ ድምፃቸውን አወጡ። ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ በዓል ላይ ይመታሉ።

እኔ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የምመታ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ልምምዳቸውን አየሁ። ለአንድ ምት እግር እንዴት እንደሚቆም ግማሽ ሰዓት ይማራሉ። እኛም መሪጌታው ወረቡ ላይ እግራችንን ነበር መጀመሪያ ያስተካከሉት።

---

ቴአትር ወዳድ (ሆኖሉሉ)

አጭር ልጨምር። እዚህ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ማኖዋ ላይ ኬኔዲ ቴአትር አለ፤ በ1963 የተከፈተ። የፔኪንግ ኦፔራ በእንግሊዝኛ ይቀርብበታል። ግን ከተወሰነ ዓመት በኋላ አንዴ ነው። የቻይና አንጋፋ አርቲስቶች መጥተው ተማሪዎቹን ለወራት ያሠለጥናሉ። እጅጌ አወራወር፣ አረማመድ፣ ድምፅ። ከዚያ ነው ሕዝብ የሚጠራው። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይመጣሉ። ስንት ነገር በየወሩ ከማቅረብ አንዱን በብዙ ወር አብስሎ ማቅረብ ይሻላል ያልኩት እሱን ካየሁ በኋላ ነው።

---

የጀልባው ልጅ (ሚኒያፖሊስ)

እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ታላላቆቼን ላለማስቀየም ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ ወጣቶቹ ወደዚህ የገባነው በኬፖፕ፣ በኮሪያ ፖፕ ዘፈን ነው። ይህንን አትናቁብን።

በዘፈን ጀመርኩ። ቀጥሎ ድራማ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲያችን ለሕዝብ በሚሰጠው የማታ ክፍል ሃንጉል ተማርኩ። የኮሪያን ፊደል ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 ነው ያበጁት፤ በ1446 ለሕዝብ ታወጀ። ተራው ሰው እንዲያነብ ብለው ነው። መምህሯ ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ተገጥመው አንድ ሣጥን ሲሆኑ ስታሳየን፣ ካዕብና ሣልስ ትዝ አለኝ። እጄን አውጥቼ «የእኛም እንደዚህ ፊደሉ ላይ እግር ወይም ቀለበት ይቀጠልበታል» አልኩ። ሰሌዳ ላይ ሀ ሁ ሂን ጻፍኩ። አማርኛ ማንበብ እንደምችል ክፍሉ ያወቀው ያን ቀን ነው። እማዬ በግድ ያስተማረችኝን ፊደል ማለቴ ነው። ማታ ደውዬ አመሰገንኳት።

---

ሻይ ቤቱ (ሲያትል)

የሩት እናት፣ ጎረቤት ነን ማለት ነው። እኔ የጃፓን ሻይ ሥርዓት ስማር ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ ነርስ ነው። በእረፍት ቀኔ እማራለሁ።

አርቦሬተም በሚባለው የዛፎች መናፈሻ ውስጥ የጃፓን የአትክልት ቦታ አለ፤ በ1960 የተከፈተ። ጁኪ ኢዳ የሚባሉ የጃፓን የአትክልት ሊቅ ነድፈውታል። አርቦሬተሙን ዩኒቨርሲቲውና ከተማዋ በጋራ ነው የሚይዙት። በዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚያብቡት የቼሪ ዛፎችም በ1960ዎቹ አውራ ጎዳና ሲሠራ ከዚያው ከአርቦሬተሙ ተነቅለው የመጡ ናቸው። ቦታው ውስጥ ሾሴይአን የሚባል የሻይ ቤት አለ። የመጀመሪያውን ቤት የቶኪዮ ከተማ ነበር የሰጠችው። በ1973 ተቃጠለ። በ1981 እንደገና ተሠራ። ሕዝቡ ገብቶ ሻይ የሚጠጣበት ቀን አለው።

አሁን ስለ እሳቱ። አንቺን ያቆሰለሽ ዕጣንና ከሰል መከልከሉ ነው። እኛም ያንኑ አልፈናል። ከሰል በማይፈቀድበት አዳራሽ ምድጃው ውስጥ ኤሌክትሪክ እናደርጋለን። መምህሬ አይከፋቸውም። የሚከፋቸው ሌላ ነገር ነው። እንግዳው ቆሞ እንዲጠጣ አይፈቅዱም። ጊዜ እንዲቆረጥ አይፈቅዱም። ከ1872 የሚነገር ታሪክ አለ። በኪዮቶ ኤግዚቢሽን ሊደረግ ነው፤ የውጭ ሰዎች ይመጣሉ፤ መሬት ላይ ተንበርክኮ መቀመጥ አይችሉም። ዑራሰንኬ የሚባለው የሻይ ሥርዓት ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛው መምህር ጌንጌንሳይ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው አዲስ ሥርዓት አበጁ። መቀመጫው ተለወጠ። ሳህኑን ማዞር፣ መስገድ፣ ዝም ማለት፣ እንግዳውን መጠበቅ ግን እንዳለ ቀረ።

ስለዚህ ማኅበራችሁ ቁጭ ብሎ አንድ ጥያቄ ይመልስ። የትኛውን ብንለውጥ ቡናው ቡና ሆኖ ይቀራል? የትኛውን ብንተው ይጠፋል?

ለእኔ የእንግዳ ቁጥር ወሳኝ ነው። ሻይ ክፍል ትንሽ ነው። የድሮው ሻይ ቤት በር ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሾልክበት ነው፤ ሳሙራዩም ሰይፉን ውጭ ትቶ እንደማንም ጎንበስ ይላል። ውስጥ ያሉት ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ይተያያሉ። ሁለት መቶ ሰው በሚያልፍበት ኮሪደር ይህ አይሆንም።

---

አባ ሻይ ጠጪ (ሎስ አንጀለስ)

ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ሰባ አልፏል። ሻይ ቤቱ የጻፈችው ደስ ይላል፤ ግን ስለ ኤሌክትሪኩ አልስማማም። ቡና ፊት ለፊት ካልተቆላ፣ ጭሱ ለእንግዳው ካልዞረለት፣ ምኑን ቡና ሆነ? ሽታው ነው እንግዳውን የሚያስቀምጠው። የሩት እናት፣ ግቢ ውስጥ ደጅ አይጠፋም። ደጅ ላይ አድርጉት። ቄጠማ ጎዝጉዙ።

ሌላው፣ ከጃፓን መማር ለእኛ አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ጃፓን ሄደው ያዩትን መጽሐፍ አድርገው ጻፉ። የዚያን ጊዜ ሰዎቻችን ጃፓን የራሷን ሳትጥል እንዴት ሠለጠነች ብለው ይጠይቁ ነበር። ሕገ መንግሥታችንም በዚያው ዓመት ከጃፓኑ ብዙ ወስዷል። ጥያቄው ያኔም ይሄው ነበር፤ ምኑን ይዘን ምኑን እንለውጥ።

---

ሻይ ቤቱ

አባባ፣ ደጅ ያሉት ልክ ነው። ከኤሌክትሪኩ ደጁ ይሻላል። ዝናቡን ብቻ ነው የምፈራው፤ ሲያትል ነውና። ድንኳን ይፈቀድ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

---

የሩት እናት

ትናንት ማታ ስብሰባ ነበረን። ሁላችሁም የጻፋችሁትን አነበብኩላቸው።

ዩኒቨርሲቲው የሰጠን በትልቁ አዳራሽ አንድ ጠረጴዛ ነበር፤ ከሌሎች ሃያ አገሮች ጋር። አልተቀበልንም። በምትኩ የጠየቅነው ይህን ነው። ከግቢው ደጅ፣ ጣሪያ ያለው በረንዳ። አሥራ ሁለት እንግዳ ብቻ፤ ቀድመው የተመዘገቡ። ሁለት ሰዓት። ሦስቱም ሲኒ፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የከሰል ፈቃድ ከእሳት አደጋ ክፍሉ ራሳቸው እንዲያወጡልን። የምንከፍለው እንደሌለና ገንዘቡ ከየት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲነግሩን። ከእንግዶቹ ግማሾቹ አስተማሪዎች እንዲሆኑም ጠይቀናል። ይህቺ የመምህሩ ናት።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት እንግዳ መሆንን ማስተማሪያ ነው። መቀመጥ፣ ጭሱን በእጅ ወደ ራስ መሳብ፣ ሲኒ በሁለት እጅ መቀበል፣ ቡናውን ሳይጨርሱ አለመነሳት። ይህን የምታስተምረው ሩት ናት። እሷ ራሷ ጠየቀችኝ።

ዛሬ ጠዋት መልሳቸው መጣ። በረንዳው ተፈቅዷል። ከሰሉን እየጠየቁልን ነው። አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ፤ ያቺ የብሩሽ አስተማሪ እናት ስለ እኛ ሰምተው ከአሥራ ሁለቱ አንዷ መሆን ይፈልጋሉ።

---

ብራና ፋቂ

እሳቸው ከመጡ እኔም ከአትላንታ እመጣለሁ። መቃውንና ቀለሙን ይዤ። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ቦታ ያዙልኝ።

---

ሻይ ቤቱ

ረከቦት ከሌላችሁ የእናቴ አለ። በጸደይ ቅዳሜዎቹን ሁሉ ከሥራ ነጻ አደርጋለሁ፤ ቀኑን ንገሪኝ።